ለ12 ነገር 84 ስም

በብዙ የኮሌጅ ጃዝ ክፍል ውስጥ ጊታር የጀመረ ተማሪ መጀመሪያ የሚታደለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የጊታር አንገት ተስሏል፤ ስድስት መስመር፣ ብዙ ጥቁር ነጥብ። ከላይ «አዮኒያን» ይላል። ገለጥ ሲደረግ «ዶሪያን»፣ «ፍሪጂያን»፣ «ሊዲያን»፣ «ሚክሶሊዲያን»፣ «ኤኦሊያን»፣ «ሎክሪያን»። ሰባት ሞድ። «እነዚህን ይዘህ ና» ይባላል፤ ልጁም ይይዛል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሰባቱንም ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በሜትሮኖም ያስኬዳቸዋል። ከዚያ ከበሮና ቤዝ ገብቶ «በል፣ ሶሎ ውሰድ» ሲባል ያንኑ ደረጃ ይወጣል፣ ያንኑ ይወርዳል። አንድም የተሳሳተ ኖታ የለም። አንድም የተባለ ነገር ግን የለም።

እኔ የሙዚቃ መምህር አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ እንጀራዬን የማገኘው ኮድ በመጻፍ ነው። ጊታር ግን ከዶርም ጀምሮ አብሮኝ አለ፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ጊታር ከጀመሩ የኮሌጅ ልጆች ጋር ተቀምጠን ጃዝ እንሞክራለን። ልጆቹ ይዘው የሚመጡት ወረቀት ከአሜሪካ ኮሌጆች መጻሕፍት በፒዲኤፍ የወረደ፣ በዩቲዩብ የተደጋገመ ነው። ነገሩ የተወለደው ቦስተንና ቴክሳስ ቢሆንም ጣጣው አዲስ አበባ ድረስ ደርሷል።

አቋሜን ልናገርና ከዚያ እንከራከር። ለጀማሪ ጊታሪስት ስኬል አስቀድሞ ኢምፕሮቫይዜሽንን ማስከተል ተገልብጦ የተሠራ ትምህርት ነው። ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት ሙዚቃው እየሄደ፣ እዚያው በዚያው እየፈጠሩ መጫወት ነው። ይሄ ነገር የሁለት ዓመት ዝግጅት የሚጠይቅ ሽልማት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ በሁለት ኖታ መጀመር ይቻላል፤ መጀመርም አለበት። ስኬሉ ይመጣል። ሲመጣ ግን ልጁ አስቀድሞ ለሰማው ነገር ስም ሆኖ ነው መምጣት ያለበት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ፤ ሙያዬም ስለሆነ ይቅር በሉኝ። ሰባት ሞድ አለ። 12 ኖታ አለ። ሰባት በ12 ሲባዛ 84 ይሆናል። እያንዳንዱን የጊታር አንገት ላይ በአምስት አቀማመጥ ያዝ ይባላል፤ 420 ሥዕል። አሁን የሚገርመውን ስሙኝ። ሲ አዮኒያን፣ ዲ ዶሪያንና ጂ ሚክሶሊዲያን ውስጥ ያሉት ኖታዎች ያው ሰባቱ ናቸው። ምንም አይጨመርም፣ ምንም አይቀነስም። 84ቱ ስሞች የሚያመለክቱት 12 የኖታ ስብስብ ብቻ ነው። አንድ ጁኒየር ዴቨሎፐር ለ12 ዋጋ 84 ተለዋዋጭ ስም አውጥቶ ኮዱን ቢያመጣልኝ ምን እንደምለው የሙያ ጓደኞቼ ያውቃሉ።

«ቆይ፣ ልዩነትማ አላቸው!» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው፣ አላቸው። ልዩነታቸው ማረፊያው ላይ ነው፤ ዜማው የትኛው ኖታ ላይ ሲደርስ «ቤት ገባሁ» እንደሚል። ዲ ዶሪያን ዲ ላይ ያርፋል፣ ጂ ሚክሶሊዲያን ጂ ላይ። ግን ይሄ ልዩነት ወረቀት ላይ አይታይም። ነጥቡ ያው ነጥብ ነው። ልዩነቱ የሚገኘው በጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና በጆሮው ምንም ላልለየ ልጅ ሰባቱን ሥዕል ማደል ማለት ልዩነታቸውን በማያሳይ መሣሪያ ልዩነታቸውን ማስተማር ነው።

ጊታር ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ፒያኖ ላይ አንድ ኖታ አንድ ቦታ ነው ያለው። ባለ 22 ፍሬት ጊታር ላይ ግን የቀጭኑ ክር የክፍቱ ድምፅ፣ ያው ኢ፣ አምስት ቦታ ይገኛል፦ 1ኛው ክር ክፍት ሆኖ፣ 2ኛው ላይ 5ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ላይ 9ኛ፣ 4ኛው ላይ 14ኛ፣ 5ኛው ላይ 19ኛ። በዚህ ምክንያት ጊታሪስት ሥዕል ይወዳል። ሥዕል ይቀላል። ጣት ቅርጹን ይለምደዋል፤ አንዴ ከለመደ በኋላ ጆሮ ባይኖርም ይሄዳል። የሳክስፎን ተማሪ ቢያንስ ትንፋሹ ሲያልቅ ዝም ማለት ግዴታው ነው። ጊታሪስት ትንፋሽ አያልቅበትም። ማንም ካላስቆመው ስምንተኛ ኖታ እየደረደረ እስከ ነገ ይሄዳል። እና እኛ ለዚህ ተማሪ፣ ከሁሉ በላይ ዓይኑንና ጣቱን ማመን ለሚቀናው ተማሪ፣ የመጀመሪያ ትምህርት ብለን የምንሰጠው ተጨማሪ ሥዕል ነው።

ይሄ አሠራር ከሰማይ አልወረደም፤ ታሪክ አለው። ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 ቤኒ ጉድማን ቡድን ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሪክ ጊታርን የሶሎ መሣሪያ ሲያደርገው የጃዝ ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1942፣ በ25 ዓመቱ ሞተ። ያስተማራቸው ግን ብዙ ናቸው፤ በሸክላ። ዌስ ሞንትጎመሪ ኢንዲያናፖሊስ ቁጭ ብሎ የክርስቲያንን ሶሎዎች ከሸክላ ላይ አንድ በአንድ በጆሮው አወጣቸው። መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣውም እነሱኑ ይዞ ነው። ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ነው ዛሬም ጊታሪስቶች የሚያጠኑት ዌስ የሆነው።

የቦስተኑ በርክሊ በ1945 ተመሠረተ፤ የዛሬው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1947 የጃዝ ዲግሪ ጀመረ። ጄሚ ኤበርሶልድ በ1967 አብሮ መለማመጃ ሸክላዎቹን ማውጣት ሲጀምር በየከተማው ያለ ልጅ ቤቱ ውስጥ ከበሮና ቤዝ አገኘ። ይሄን ሁሉ የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። ጃዝን ለማያውቅ ሰፈር ልጅ በር ከፍተዋል። ቀደም ሲል በሩ የሚከፈተው ሙዚቀኞች ባሉበት ከተማ ለተወለደ፣ ሌሊት ክለብ ለመግባት ዕድሜውና ድፍረቱ ለፈቀደለት ሰው ነበር። በዚያ ላይ ሴት ከሆነች ደግሞ ስንት በር እንደሚዘጋ አስቡት።

ግን ሙዚቃው ክፍል ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ተከሰተ። ኮሌጅ ውጤት መስጠት አለበት። አንድ ተማሪ የሰማውን ነገር መልሶ ሲናገር ምን ያህል ይሰጠዋል? 78? 83? ያስቸግራል። «ቢ-ፍላት ሊዲያንን በ120 ፍጥነት ሁለት ኦክታቭ ተጫወት» ቢባል ግን ተጫወተ ወይም አልተጫወተም። ለመለካት የሚመቸው ነገር ቀስ በቀስ ዋናውን ነገር ተካው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ይሄን በሽታ አሳምረን እናውቀዋለን፤ የተጻፈ መስመር ቁጥር እየተቆጠረ ደረጃ የሚሰጥበት ቤት ውስጥ ረጅም ኮድ እንጂ ጥሩ ኮድ አይበዛም።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? «በጆሮ ይማሩ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

የኤፍ ብሉዝ ውሰዱ። 12 ባር ነው (የመጠጡ አይደለም)። የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ኤፍ ሰባት፣ ሁለት ባር ቢ-ፍላት ሰባት፣ ሁለት ባር ተመልሶ ኤፍ ሰባት፣ ከዚያ አንድ ባር ሲ ሰባት፣ አንድ ባር ቢ-ፍላት ሰባት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ኤፍ ሰባት። ሦስት ኮርድ፣ በቃ። አሁን ከቀጭኑ ክር ስትቆጥሩ 3ኛውንና 4ኛውን ክር ብቻ ያዙ። ኤፍ ሰባት ላይ 4ኛው ክር 1ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት። ኮርዱ ወደ ቢ-ፍላት ሰባት ሲሄድ ሁለቱም ጣቶች አንድ ፍሬት ወደ ኋላ፤ 4ኛው ክር ክፍት ይሆናል፣ 3ኛው 1ኛ ፍሬት። ሲ ሰባት ሲመጣ ከኤፍ ቦታ አንድ ፍሬት ወደ ፊት። ሌላ ምንም የለም። እነዚህ ኖታዎች የየኮርዱ ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፆች ናቸው፤ ኮርዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለጆሮ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ጊታር ከያዘ ሦስት ሳምንት የሆነው ልጅ ይሄን በ20 ደቂቃ ይችለዋል። እና ወዲያው፣ በዚያው ቀን፣ ሶሎ ይጫወታል። ሕጉ ይሄ ነው፦ ከሁለቱ ኖታዎች ውጪ አትውጣ፤ ምቱን ግን እንደፈለግህ አድርግ። ቀድመህ ግባ፣ ዘግይተህ ግባ፣ አንዱን ኖታ አምስት ጊዜ ምታ፣ ሁለት ባር ሙሉ ዝም በል። ኖታ ሲያንስበት ልጁ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ምት መፈለግ ይጀምራል። ዝምታን ይጠቀምበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ 5ኛው ባር ላይ ኮርዱ ሲቀየር ያቺ አንድ ፍሬት ስትንሸራተት ይሰማዋል። ፊቱ ላይ ይታያል። ያቺ መንሸራተት የጃዝ ሐርመኒ ዋናው ምሥጢር ናት፤ ሰባቱን ሞድ በቃሉ የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ያልሰማት እሷኑ ነው።

ከዚያ በኋላ መዝፈን ይመጣል። ሌኒ ትሪስታኖ የሚባለው ፒያኒስት ተማሪዎቹን መሣሪያ ከማስነካቱ በፊት የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከሸክላው ጋር እንዲዘፍኑ ያደርግ ነበር። ድምፅህ ያምራል አያምርም ጉዳዩ አይደለም። የዘፈንከውን ሰምተኸዋል፤ በጣትህ ብቻ ያገኘኸውን ግን ላትሰማው ትችላለህ። ቀጥሎ ከአንድ ሸክላ አራት ባር በጆሮ ማውጣት። አራት ብቻ፣ ግን ከነትንፋሹ። ቀጥሎ በሁለቱ ኖታዎች መሐል ያሉትን እየፈለጉ መሙላት። በአሥረኛው ሳምንት ገደማ ልጁ ኤፍ ሰባት ላይ የሚያምሩትን ሰባት ኖታዎች ራሱ ሰብስቦ ይጨርሳል። ያኔ መምህሩ «ይሄ የሰበሰብከው እኮ ሚክሶሊዲያን ይባላል» ይለዋል። ስሙ ያኔ ስም ይሆናል፤ የሚጠራው ነገር አለዋ!

አጃቢነትም እዚሁ ውስጥ ይግባ። ፍሬዲ ግሪን ካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ውስጥ ከ1937 ጀምሮ ወደ 50 ዓመት ጊታር ሲጫወት ሶሎ አልወሰደም ማለት ይቻላል። በባር አራት ምት ይመታል፤ ያ ኦርኬስትራ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ጀማሪ ተማሪ ግማሹን ሰዓት የጓደኛውን ሶሎ ማጀብ አለበት። ሌላ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ያልተማረ ሰው ተራው ሲደርስ የሚናገረው ነገር ከየት ያመጣል?

አሁን ተቃውሞዎቹን እንያቸው።

አንደኛው፦ «ሰዋስው ሳያውቁ ቋንቋ አይቻልም።» እውነት? ይሄን ጽሑፍ የምታነቡት ሰዎች ስለ ባለቤትና ተሳቢ ከመማራችሁ በፊት ስንት ዓመት አማርኛ አወራችሁ? ሰዋስው የሚናገረውን ሰው ያሳድገዋል። ለማይናገር ሰው ግን ሰዋስው መጽሐፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጠንከር ይላል፦ «ዌስ ሞንትጎመሪ ሊቅ ነው። በጆሮ ሞክረው ያልተሳካላቸውን አልቆጠርካቸውም።» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከተረፉት ብቻ ተነሥቶ መደምደም ስሕተት እንደሆነ ኢንጂነሪንግ ክፍል ውስጥ በደንብ ነግረውናል። ግን ተመልከቱ፣ እኔ የምለው «መምህር ይቅር፣ ሁሉም ለብቻው ሸክላ ይዞ ይታገል» አይደለም። መምህሩ ይኑር፤ ቅደም ተከተሉን ይቀይር። ዌስ ብቻውን በሸክላ ያደረገውን ተራው ተማሪ በመምህር እየታገዘ፣ በ12 ባርና በሁለት ኖታ ያድርገው። ሊቅማ በየትኛውም መንገድ ይወጣል። ዘዴ የሚያስፈልገው ለቀረነው ነው።

ሦስተኛው፦ «በሁለት ኖታ ጃያንት ስቴፕስን ተጫወታታ!» አይቻልም። የኮልትሬን ጃያንት ስቴፕስ ኮርዶቹ እንደ መብረቅ ነው የሚቀያየሩት፤ እዚያ ለመድረስ ስኬልም፣ አርፔጂዮም፣ ለዓመታት መለማመድም ያስፈልጋል። ግን እየተነጋገርን ያለነው ስለ ጀማሪ ነው። ደግሞ ማይልስ ዴቪስ በ1959 በቀረጸው «ሶ ዋት» ውስጥ ስንት ሞድ አለ? ሁለት። ያውም ሁለቱም ዶሪያን ናቸው፤ 16 ባር ዲ ላይ፣ ስምንት ባር ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ ስምንት ባር ተመልሶ ዲ ላይ። ማይልስና ኮልትሬን ለአንድ ሙሉ ዘፈን ሁለት ከበቃቸው ጀማሪውን በሰባት የምናስጨንቀው ለምንድነው?

አራተኛው የውጤቱ ጉዳይ ነው፤ መምህራን በግል ሲያወሩ የሚያነሡት እሱን ነው። ይቻላል። የተማሪውን ሁለት ዙር ብሉዝ በመጀመሪያው ሳምንት ቅረጹት፤ በመጨረሻው ሳምንት ድጋሚ ቅረጹት። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ከበሮው ቢቆምም ምቱ ይቀጥላል? 12ቱ ባር ውስጥ የት እንዳለ ሳይጠፋው ዞሮ ይመለሳል? ኮርዱ ሲቀየር ዜማው ውስጥ ይሰማል? ለሦስቱም መልሱ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ለሚሰማ ሰው ግልጽ ነው። ሊዲያን በ120 ከማስኬድ ይልቅ ይሄ ፈተና ስለ ሙዚቃ ይናገራል።

እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ያናድደኛል። ምክንያቱም እኛ እዚያው በዚያው መፍጠርን የማስተማር ልምድ አላጣንም። የቅኔ ቤትን አስቡት። ተማሪው ግስም፣ አገባብም ይማራል፤ ማንም ሰዋስው አይንቅም። ግን ሰዋስዉን ጨርሶ እስኪወጣ ቅኔ አይከለከልም። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት፣ ትንሿ ቅኔ። ራሱ ይቆጥራታል፣ ለመምህሩ ይነግራታል፣ መምህሩ ያቀናለታል። ነገ ሌላ። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያድጋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ትንሽ ቅርጽ፣ ከመጀመሪያው የራስ ፈጠራ፣ የቅርብ እርማት፣ ቀስ እያለ የሚያድግ ርዝመት። ለጃዝ ጀማሪ የምጠይቀው ከዚህ አይበልጥም። አዝማሪውስ? «ተቀበል!» ሲባል ግጥሙን ተቀብሎ፣ ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ወዲያው ይመልሳል። የትኛው ፒዲኤፍ ላይ ነው ያንን የተማረው?

ሙላቱ አስታጥቄን የምናወድስ ሰዎች ታሪኩን አንርሳው። ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ወደ ሙዚቃ ዞረ፤ በርክሊ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። እዚያ የተማረውን ይዞ ግን ያገኘውን ብቻ አልደገመም። በጆሮው ይዞት የሄደው ቅኝት ነበረው፤ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልን፣ የአንቺሆዬን አምስት አምስት ድምፅ ከጃዝ ኮርድ ጋር አገናኘው። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ነገር የመጣው የሚናገረው ያለው ጆሮ ትምህርት ቤት ስለገባ ነው። ዛሬ የትዝታንና የባቲን ልዩነት ስማቸውን ሳያውቅ እንኳ የሚለይ ልጅ ጊታር ክፍል ሲገባ «ምንም አታውቅም፣ ከአዮኒያን ጀምር» ነው የሚባለው። ያለውን ጆሮ ማንም አይጠይቀውም።

ኪሳራውም ይሄ ነው። ቅዳሜ ከምንገናኛቸው ልጆች አንዱ፣ አካውንቲንግ ተማሪ፣ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሴሚስተር ሞዶቹን ሸምድዶ ጊታሩን አልጋ ሥር ከቶት ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው «ጆሮ የለኝም» አለኝ። ይሄ ልጅ ታክሲ እየጠበቀ በፉጨት አንድ ዜማ አንሥቶ በራሱ መንገድ የሚያጣምም ልጅ ነው። ጆሮ የለኝም ያለው ማንም ጆሮውን እንዲጠቀም ስላልጠየቀው ነው። ስንቱ እንዲህ ብሎ እንደቀረ አስቡት። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ «በቃልህ ያዝ» ሲባል ላደገ ሰው ደግሞ ይሄ አዲስ አይደለም፤ የሚያውቀው ሽምደዳ ነው፣ ጊታር ይዞ የመጣ። አንድ ወጣት ትክክለኛውን መልስ ሳይጠብቅ፣ ሰዎች እየሰሙት፣ የራሱን ውሳኔ የሚወስንበት ቦታ በሕይወቱ ውስጥ ስንት ነው? ጃዝ ከእነዚያ አንዱ መሆን ይችል ነበር።

ስለዚህ ለምታስተምሩ ሰዎች፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያው ቀን ላይ ወረቀቱን ቦርሳችሁ ውስጥ ተዉት። ሜትሮኖሙን ክፈቱ፣ ሁለት ክር አሳዩ፣ 12 ባር ቁጠሩ፣ ሁሉም ልጅ ተራ በተራ አንድ ዙር ይጫወት፤ የቀረው ያጅብ። ለምትማሩ ደግሞ፦ መምህራችሁ ይሄን እስኪያደርግ አትጠብቁ። ሁለቱ ክሮች የት እንዳሉ፣ ጣቱ መቼ እንደሚንሸራተት ከላይ ተጽፏል። ዛሬ ማታ ሞክሩት፣ በስልካችሁም ቅረጹት። ሞዶቹ የትም አይሄዱም።